ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ

ልታጽናኑን የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች፣ አሁን የምትሰሙት በመምህርነትና በፕላኔት ምርምር የኖሩት የታላቅ እኅታችን ዜና ሕይወት ነው። የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ ጽፎ እንዲያነብ ያዘዙትም ራሳቸው ሟች ናቸው። ለምን እሱን እንደ መረጡ ኋላ ላይ ይገለጻልና እስከዚያው ታገሡት።

ሟች ከመጽሐፍ ጠራዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አንደኛው ክፍል የአባት መሥሪያ ስለ ነበረ ቤተሰቡ ሲበላም ሲተኛም ሙጫ ይሸተው ነበር። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ አንድ የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበርና፣ በአሥራ አንድ ዓመታቸው የሚያነቡት ሲያጡ እሱን ጀመሩ፤ ሳይጨርሱም አልተዉትም። አባታቸው ኮርተው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያስነብቧቸው ነበር፤ ያ መጽሐፍ በኋላ ምን እንደሚያመጣባቸው ግን ማን ያውቃል። እናታቸው ሲያርፉ ሟች ሃያ ዓመታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ደብተሩን እየሸፈኑ፣ ጫማውን እያስጠገኑ፣ ሲያጠፋም ጆሮውን እየቆነጠጡ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ከፍተኛ ትምህርታቸውን በፊዚክስ አጠናቀው፣ የዓለታማ ፕላኔቶችን የአየር ጠባይ በሚያነጻጽር ጥናት ተመርቀው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው በኮሌጃችን የሳይንስ መምህርት ሆኑ። ከፀሐይ የራቀችው ቬነስ ከቅርቧ ከሜርኩሪ ለምን እንደምትግል ሲጠየቁ፣ ድስትና ክዳን ይዘው ያስረዱ ነበር፤ ሜርኩሪ ክዳን ስለሌላት ቀን ያቃጠላት ሙቀት ሌሊት ጥሏት ይሄዳል፣ ማርስ ክዳኗ ስስ ነውና ያገኘችውን አትይዝም፣ ቬነስ ግን ክዳኗ ከመክበዱ የተነሣ የገባባት ሙቀት መውጫ አጥቶ ስትንተከተክ ትኖራለች፣ ምድራችንን ያኖራት ክዳኗ ልክ መሆኑ ነው፣ ልኩን ማጥፋት ግን ቀላል ነው ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸው «እትዬ ክዳን» ያሏቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙንም ወደውት ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው የእንግሊዝኛ ግጥም ያስተምሩ የነበሩት አዛውንት በሕመም ሥራ ሲለቁ፣ ግሪክና ሮም በዚያ ግጥም ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ላቲን ሳያውቁ ማስተማር አይቻልምና፣ በኮሌጁም ላቲን የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻ እንዲተኩ ተለመኑ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ያ መንፈቀ ዓመት ሠላሳ ዓመት ሆነ። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አስረክበው የገቡበት ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱም ሲከፈት ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ይጋጫልና እስከ ግማሽ እንኳ አይከፈትም ነበር።

በዚያው ዓመት መስኮቱን ሊያስተካክሉ የመጡትን የኮሌጁን የመሣሪያ ጠጋኝ አገቡ። ጠጋኙ መስኮቱን ማስተካከል አልቻሉም፤ ትዳሩ ግን ሰመረ፣ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤታቸው በሠሩላቸው የብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ የሙቀት መለኪያ እያስገቡ የፕላኔቶቻቸውን ሙቀት እያስመሰሉ መዝግበው አሥራ ዘጠኝ ደብተር ሞልተዋል።

ያልመረጡትን ትምህርትም በግዴለሽነት አላስተማሩም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የእንግሊዝኛ ገጣሚዎች ከጥንቶቹ የተዋሱትን የልቅሶ ግጥም ነበር፤ በዚያ ግጥም አልቃሹ እንደ እረኛ ሆኖ ወንዙንና ተራራውን አብሮት እንዲያለቅስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ሟቹን ሊጠብቁ ይገባቸው የነበሩትን «የት ነበራችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መጽናኛው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄውን የዘለለ አልቃሽ መጽናኛውን አያገኝም ብለው ያስተምሩ እንደ ነበር እዚህ የተቀመጡት ተማሪዎቻቸው ይመሰክራሉ።

ሟች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ ወንድማቸው የኮሌጁ የመምህራን ምደባ ኃላፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር፣ ወደ ሳይንስ ክፍል እንዲመለሱ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ማመልከቻ በገዛ እጃቸው ያመጡለት ነበር፤ እሱም ተተኪ እየተፈለገ ነው ይላቸው ነበር። ተተኪ አልተፈለገም። በአርባ አንድ ዓመታቸው አንድ የምርምር ጣቢያ ለሁለት ዓመት ሲጋብዛቸው፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጠይቀው፣ የኮሌጁ ቦርድ ከልክሏል ተባሉ። ቦርዱ ግን ጥያቄውን ዓይቶት አያውቅም። ታናሽ ወንድማቸው፣ እሳቸው ከሄዱ ክፍሉ ይዘጋል፣ እኔም ከወንበሬ እነሣለሁ ብሎ ፈርቶ፣ ደብዳቤውን ሳይፈርም መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ያሳደገው እጅ ርቆት እንዳይሄድ መፍራቱም እውነት ነው፤ ይህን የሚናገረው ግን ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም።

ሟች ይህን ያወቁት በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ የቦርዱ ጸሐፊ ጡረታ ሲወጡ፣ ጥያቄው ለቦርዱ ቀርቦ እንደማያውቅ ነግረዋቸው ነው። ሆድ ይፍጀው አሉ። ካወቁም በኋላ ማመልከቻውን ሰባት ጊዜ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት፤ ሰባት ጊዜም ተተኪ እየተፈለገ ነው ተባሉ።

በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ በልብ ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ከማረፋቸው ከአሥር ቀን በፊት ታናሽ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ «ዜና ሕይወቴን አንተ ጻፈው፤ እንደ ደብዳቤዬ ግን እንዳታስቀረው» አሉት። ያኔም ጆሮውን ቆንጠጥ አደረጉት፤ ጉልበት ስለከዳቸው አላመመውም።

እንግዲህ እንደ ልቅሶ ግጥሙ የት ነበርክ ተብሏልና ወንድማቸው ይመልሳል። ከእሳቸው ክፍል ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ሰፊ መስኮት ባለው ቢሮ ውስጥ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ሟች በስድሳ አራት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ቁጥር የሌላቸውን ተማሪዎቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። የሁሉ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሙቀቱም ብርዱም ልክ በሆነበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

የመልቀቂያ ደብዳቤያቸው ቀኑ ባለፈ በሃያ ሦስት ዓመቱ ዛሬ ጠዋት በታናሽ ወንድማቸው ተፈርሞ፣ ለልጃቸው ተሰጥቷል።