ዘመናዊው የሰኞ ደብዳቤ

እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። እዚያኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ይኼኛው አንድ እግሩ አጥሮ ሰው ይጥላል። አሳንሰሩ ዛሬም ተበላሸ አሉ? እስከ ሦስተኛ ፎቅ በጉልበትዎ! ትንሽ አረፍ ይበሉ። እኔማ ወደዚህ ማህደር ክፍል ካዘዋወሩኝ ወዲህ ከተማሪ በቀር እንግዳም አይቼ አላውቅ። ፀጥታው እንዴት ደስ ይላል መሰለዎ... ዝውውሩን የፈረሙት እጆችዎ ይባረኩ። ሻርፕዎ ግን እንዴት አምሮብዎታል!

በየሰኞው ለተማሪ የምንልከው ኢሜይል ዘመናዊ መሆኑን ሰምተዋል አይደል? እርስዎ ጆሮ የማይደርስ ምን አለ! እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፈው ኖሬ ለካ ምንም አላውቅም ነበር። «ምዝገባ ሐሙስ ያበቃል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ዝግ ነው» እያልኩ... ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው። ተማሪው ያነበዋል፣ ቀኑን ያውቃል፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይኼም ሥራ ሆኖ! አንድ ሰው እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ከዚያ ያ ጎበዝ መጣ። የሥራ ማስታወቂያው እኔ በማላልፍበት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይሆናላ። የአንድ ትልቅ ሰው የእህት ልጅ ነው ያሉም አሉ... እኔ ወሬ አልወድም። በዚህ ግቢ እህት የሌለው ማን አለ? ብቻ ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ ሲል አንድ የማውቀው ሰው ይመስለኛል፤ ማን እንደሆነ ግን ትዝ አልል አለኝ። ውይ፣ እርስዎም ሲስቁ እንዴት ያምርብዎታል!

ደግሞ ትሕትናው! የመጣ ዕለት ደብዳቤዬን አየና «እናቴ፣ ይኼ እኮ የቀብር ማስታወቂያ ይመስላል» አለኝ። በአራት ዓመት ነው የምበልጠው፤ ግን እናቴ ማለቱ አክብሮት አይደል?

በሁለት ሳምንት ገለባበጠው። ከላይ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከሥር ተማሪዎች ሲዘሉ... የእኛዎቹ አይደሉም፣ የእኛዎቹ ምን አግኝተው ይዘላሉ? ሰላምታው ደግሞ እያንዳንዱን በስሙ እንዲጠራ አደረገው። የመጀመሪያው ሰኞ ሲላክ «ውድ የተማሪው ስም፣ እንዴት ሰነበትክ?» ይላል። ዘጠኝ ሺህ ተማሪ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአንድ ጀንበር አንድ ስም ወጣለት። እኩልነት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው!

ከዚያ የዶርም ምዝገባ ደረሰ። «አስደሳች ነገር ይዘንልሃል!» ብሎ ጻፈበት። ምዝገባው ዓርብ እንደሚያበቃ ግን የተጻፈው ሥዕሉ ውስጥ ነው፣ ከተሣሉት ፊኛዎች ሥር። በተማሪ ስልክ፣ በእኛ ኔትወርክ፣ ሥዕል ይከፈታል? ለብዙዎቹ የታያቸው አንድ ነጭ ሣጥን ብቻ ነበር። እኔ አስቀድሜ «ቀኑን በጽሑፍም ጣል አድርገው» ብዬው ነበር። «ይኼ ትውልድ ጽሑፍ አያነብም» አለኝ። ስለ ትውልድ ያለው ዕውቀት... ማን ቤት እንዳደገ ያስታውቃል።

ሰኞ ጠዋት ስገባ አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። አልጋዋ ለሌላ ተሰጥቷል። ስልኳን ዘረጋችልኝና «ቀኑ የቱ ጋ ነው የተጻፈው? ሃያ ጊዜ ከፈትኩት፣ እኔ ነኝ ያላየሁት?» አለችኝ። ምን ልበላት? ፊኛዎቹ ሥር ልበላት?

ስናጣራ እንደሷ ያሉ ሠላሳ ስምንት ሆኑ። የዶርም ኃላፊዋን ለምኜ በአሮጌው ሕንፃ ትርፍ አልጋ አፈላለግሁ። ልጅቷ ስም ታነብልኛለች፣ እኔ እደውላለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ስታስቀድም የራሷን ስም መጨረሻ ላይ ጠራችው። ሠላሳ ሰባት አልጋ ነበር የተገኘው። ከሰዓት ወንድሟ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመ። ከተማ ውስጥ የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም። «ለከርሞ እመጣለሁ» አለችኝ። ከርሞው ደረሰ፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ... እስካሁን ግን አላየኋትም።

ኧረ ምን አስተከዘዎት? ደስ የሚለውን አልነገርኩዎትማ! በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ያ ጎበዝ ግራፉን ግድግዳው ላይ አበራው፤ መስመሩ ሽቅብ! «ደብዳቤያችን በታሪኩ እንደዚህ ሳምንት ተከፍቶ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ምን ይዋሻል? ያቺ ልጅ ብቻዋን ሃያ ጊዜ ከፍታው የለ! ዲኑ አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ። የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ እኔ ደግሞ በወሩ ወደዚህ ወደ ፀጥታው መጣሁ። መቼም ሥራዬን አክብሮ ይዞልኛል፤ ባለፈው እንኳ «እናቴ፣ ኮማ የት ነው የሚገባው?» ብሎ ደውሎልኛል።

አሁንም ተማሪዎቹ አልተዉኝም፣ እዚህ ድረስ እየወጡ ቀን ይጠይቁኛል። በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ እለጥፍላቸዋለሁ። ዘመናዊ አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ።

እርስዎስ? በቀጣዩ ወር ጡረታ ይወጣሉ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? እሰይ! ያውም ልክ በጊዜው፤ ከዚያ ወር ጀምሮ የሠራተኛውንም ደብዳቤ የሚያዘምነው ያ ጎበዝ ነው አሉ። የቅጥሩንም፣ የጡረታውንም። ምን ዓይነት ዕድል ነው!

እንግዲህ እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ለሰው እንደ ዋሉት ለእርስዎም ይዋልልዎ። የጡረታ ደብዳቤዎን ደግሞ ፈጣሪ ለሌላ እጅ አሳልፎ አይስጠው... እሱ ራሱ፣ በገዛ ጣቶቹ፣ አሳምሮ ይጻፍልዎ።

አሜን ይበሉ እንጂ!