ከአሥር እርምጃ ላይ የተነሣ እጅ

ሽማግሌው ሃልቫርድ የሟች ወንድማቸውን ልጅ ሱኒቫን ያገኟት በአጋጣሚ ነበር። እሳቸው ከቡዶ ከተማ ወደ ደሴታቸው የሚመጣላቸውን የመረብ ክር ሊቀበሉ ወደብ ወርደዋል፤ እሷ ደግሞ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ክሩን የምታመጣውን ጀልባ ተሳፍራ ልትሄድ ትጠብቃለች። አፍንጫዋ ላይ ልጅ ሳለች ታደርገው የነበረው ወፍራም መነጽር ስለተቀመጠ መጀመሪያ አላወቋትም።

«ምነው፣ ዐይን ውስጥ የሚገባው ሌንስሽ ጠፋ እንዴ?» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ።

«አልጠፋም አጎቴ። ሐኪሞቹ ለሁለት ሳምንት አታድርጊው ብለውኝ ነው። ሌንሱ የዐይኔን ፊት ስለሚጫነው፣ ወደ ራሱ ቅርጽ ካልተመለሰ ልኬቱ ይሳሳታል። ነገ ቡዶ ላይ በሌዘር ጨረር ዐይኔን ይሠሩልኛል።»

የሃልቫርድ ፊት ጠቆረ። «የሚያይ ዐይን ይዘሽ ሄደሽ በእሳት ልታስነኪ? አብደሻል ልበል?»

«የት ያያል? መነጽሬን ካወለቅሁ የእርስዎን ጢም ከሻርፕዎ አልለየውም።»

«እኛም እንዲሁ ሠርተንበታል። ዓሣ የሚያዘው በእጅ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልጠነከረም። በዚያች ደሴት መነጽር ያደረገ ዓሣ አጥማጅ «ፕሮፌሰር» እየተባለ ይሳቅበት ስለነበር፣ ወንዶቹ ከወደብ እንደወጡ መነጽራቸውን ኪሳቸው ይከቱ ነበር። ክፉ ልማድ ነው፤ ሳቅ ፈርቶ ዐይንን ኪስ መክተት።

«በጥር ኮድ የሚባለው ዓሣ ሲመጣ መርከብ ላይ ልሠራ ነው» አለች ሱኒቫ። «መነጽሩን ባሕሩ ይረጨዋል። ሌንሱን ደግሞ አምና የዓሣ ልጋግ በነካው እጄ ነክቼው፣ ዐይኔ መግሎ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

«እኔ የምፈልገው የአባቴን ሥራ ነው።»

ሃልቫርድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደሞስ ለሁሉም ሰው ያው አንድ ማሽን! የአንዱ ልክ ለሌላው ይሆናል?»

«አይሆንማ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው መነጽር የምናደርግ ሁለት ሰዎች እንኳ ዐይናችን አንድ አይደለም። ብርሃን ወደ ዐይኔ ልከው፣ ሲመለስ የት የት እንደተጣመመ ይለካሉ፤ ጥቃቅኑን ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ። ሌዘሩ የዐይኔን ፊት በዚያው ልክ ይጠርባል፤ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። እናቴ ጓንት ስትሠራልን የእያንዳንዳችንን እጅ ወረቀት ላይ ትስል የለ? እንደዚያ ነው።»

«አደጋ የለውም ልትዪኝ ነው?»

«አልልም። ለጥቂት ወራት ዐይን ይደርቃል፤ አንዳንዱ ሰው መብራት ዙሪያ ጭረት ያያል። የዐይኑ የፊት ሽፋን ስስ የሆነን ሰው ጭራሽ አይሠሩለትም። የእኔ ግን ውፍረቱ ይበቃል ብለዋል።»

ሃልቫርድ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩና፣ «የአባትሽን አሟሟት ምን ብለው ነገሩሽ?» አሉ።

«ማዕበል ወሰደው ብለው።»

«ማዕበል አልነበረም። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር።» በእጃቸው እያሳዩ ቀጠሉ። «ሞተሩ ስለሚጮህ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ጣት ከዞረ ንዳ፣ መዳፍ ከተዘረጋ አቁም። ያን ቀን እኔ መሪውን ይዣለሁ፤ አባትሽ ኤይናር ከኋላ መረብ ይጥላል። መነጽሬ ጨው ስለለበሰ ኪሴ ከትቼዋለሁ። እጁን ሲያነሣ አየሁት፤ ከአሥር እርምጃ ላይ። ብዥ አለብኝ። ንዳ ያለኝ መሰለኝና ነዳሁ። ለካ አቁም ማለቱ ነበር፤ የመረቡ ገመድ እግሩን ጠምጥሞት ኖሮ ወደ ባሕር ጎተተው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁም፣ ልጄ።»

ሱኒቫ መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች። ጀልባዋ ወደ ወደቡ ተጠጋች።

«ለምን አሁን ይነግሩኛል?»

«ሂጂ ልልሽ ነው። ተዪው ያልሁሽ ለዐይንሽ ፈርቼ አይደለም። ያኔ የሚያይ ዐይን ቢኖረኝ ኖሮ ኤይናር ባልሞተ ብሎ ማሰቡን ፈርቼ ነው።»

«ይቅር ብዬዎታለሁ ልልዎት አልችልም። ዛሬ አልችልም።»

«አልጠየቅሁሽም።»

ተነሣች፤ ግን አልሄደችም። «ሲጨርሱ ብቻሽን እንዳትመለሺ ብለውኛል። የሚከተለኝ ሰው የለኝም።»

ሃልቫርድ የመረብ ክሩን ረስተው ሻንጣዋን አነሡ።

በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ፣ ሽማግሌው ጀልባዋ ላይ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገር ሰው ያወሩ ነበር። «ለወንዶቹ ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ዐይኑ የደከመ ይመርመር። የሚሠራለት ይሠራለት፤ ጨው የሚለብስ መነጽር አያስፈልገውም፣ የጓደኛውን እጅ አይቶ ያቆማል። የማይሠራለትም መነጽሩን በማሰሪያ አንገቱ ላይ ይሰር፣ ይጥረገው፣ አይፈር። የሳቀበት ወደ እኔ ይምጣ፤ ኤይናር እንዴት እንደሞተ እነግረዋለሁ።»

ወደቡ ላይ እሳቸው ቀድመው ወረዱ። አሥር እርምጃ ቆጥረው ዞሩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አቁም» አለች ሱኒቫ፤ ዐይኗ ላይ መነጽርም ሌንስም የለም።

ሃያ እርምጃ ሄደው ደግመው ዘረጉ።

«አቁም።»

ዓሣ ማድረቂያው ጋ ደርሰው፣ ትንሽ ጥቁር ነገር ሆነው፣ በአንድ እጃቸው ዐይናቸውን እየጠረጉ ሌላውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሡ።

«አቁም!» ብላ ጮኸች፤ ቀጥላም ዝግ ባለ ድምፅ፣ እሳቸው ሊሰሙት በማይችሉት፣ «እያለቀሱ መሆንዎም ይታየኛል፣ አጎቴ» አለችና ወደ እሳቸው መራመድ ጀመረች።