ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞረው ሰው

የምስክርነት ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ የመንገድ አደጋ ምርመራ ክፍል
ቀን፦ ቅዳሜ ኤፕሪል 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት
የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሂላሪ ፔንፎልድ
ዕድሜ፦ 66
ዜግነት፦ እንግሊዛዊት
አድራሻ፦ እንግሊዝ፣ ኬንት አውራጃ፣ አሽፎርድ ከተማ፤ ለጊዜው ሊል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሆቴል
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ
ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ታናሽ እህት
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ፍሎሪያን ቬርካሜን
አስተርጓሚ፦ ወ/ሪት አኔሊዝ ቦተን

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ትናንት ዓርብ ከቀኑ በአስር ሰዓት ገደማ በመኪና ተገጭቶ ስለሞተው ወንድሜ ስለ ዴዝመንድ ጋሮድ፣ ዕድሜው 71፣ ያየሁትንና የማውቀውን እናገራለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ አላውቅም ማለቴም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። መርማሪው ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልጉት ወንድሜ መኪናው ፊት የገባው በስህተት ይሁን ሆን ብሎ መሆኑን እንደሆነ ነግረውኛል። እኔም ሌሊቱን ራሴን ስጠይቅ ያደርኩት ይህንኑ ነው።

ወንድሜ ሚስቱ ማሪየን ከሞተችበት አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ወደ ሊል የምንመጣበትን የባቡር ትኬት የቆረጠችው እሷ ናት። ጸደይ ሲገባ ሁለት ሌሊት ወጣ ብለን እንመለስ ብላው ነበር፤ ጸደይ ሳይገባ ሞተች። በእኛ ቤተሰብ የተከፈለበት ነገር ሜዳ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ በማሪየን ስም ፋንታ የእኔ ስም ገባና ተያይዘን መጣን። ዛሬ ሳስበው የሞተ ሰው ትኬት ይዞ ሽርሽር መውጣት ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ እንጃ። ያን ጊዜ ግን አየር ይለውጣል ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተነሣን። ፈረንሳይ ለእኛ ከተማ ቅርብ ናት፤ ዳሩ ግን ባቡሩ እኛ ዘንድ መቆሙን ትቷል። መጀመሪያ ወደ ለንደን ወጥተን፣ እዚያ ተሳፍረን፣ የመጣንበትን አቅጣጫ መልሰን በገዛ ከተማችን በኩል እናልፋለን። አሽፎርድን ስናልፍ ዝናቡ መስኮቱን ይገርፈው ነበር። ዴዝመንድ ማሪየን የተቀበረችበትን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለማየት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አንገቱ እስኪጠማዘዝ ድረስ ተመለከተ።

“እዚህ ቢያወርዱኝ ደስ ይለኝ ነበር” አለኝ።

“ወርደህ ምን ልትሠራ?”

“ምንም። አጠገቧ ቁጭ ልል።”

መርማሪው ሆን ብሎ መሆኑን የሚያመለክት ንግግር ተናግሮ እንደሆነ ስለጠየቁኝ ይህን አልደበቅኩም። ከዚህ ሌላ የሰማሁት ከታች የምናገረውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ወዳለው ዋሻ ገባ።

ሊል ስንደርስ ዝናቡ ቀድሞን ደርሷል። ወንድሜ ሻይ በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ከቤቱ ይዞ ስለመጣ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫው ብርጭቆ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። “የእነሱ ሻይ እኮ ሻይ አይደለም ሂል፤ ለብ ያለ ውኃን ከቅጠል ጋር ማስተዋወቅ ነው” አለኝ። ሳቅሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ የሰማሁት ቀልዱ ይህ አንድ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ወደ አሮጌው ከተማ ሄድን። ወንድሜ የማሪየንን ጥላ ይዞ ነበር። ጥላው ትንሽ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፣ አንድ ሽቦው የተሰበረ የሴት ጥላ ነው። ወንድሜ ረጅም ስለሆነ ጥላው ከጭንቅላቱ በቀር የሚያስጠልለው ነገር አልነበረም። “አንተ ሽማግሌ፣ ሰው እየሳቀብህ እኮ ነው፤ እኔ ልግዛልህ” አልኩት። “ይሳቅ። የሷ ነው” አለኝ። በዚያን ቀን የጆሮ መስሚያውን አላደረገም። ዝናብ ያበላሸዋል ብሎ ሆቴል መሳቢያ ውስጥ ትቶታል፤ አሁንም እዚያው ነው።

መንገድ በተሻገርን ቁጥር መብራት ባለበት፣ ሰው ተከትለን ነው የተሻገርነው። ከፊት ያለውን ሰው ጀርባ እያዩ መሄድ ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ እናገራለሁ።

ምሳ የባሕር ዛጎልና የተጠበሰ ድንች አዘዝን። ወንድሜ ዛጎሎቹን በሹካ ከዳር ዳር እየገፋ አንድም አልበላም።

“ብላ እንጂ ዴዝ፣ ቀዘቀዘ።”

“ማሪየን ናት የምትወደው።”

“እኔም እወደዋለሁ። እኔ ደግሞ በሕይወት አለሁ፤ ካስተዋልከኝ።”

ይህን ያልኩት ተናድጄ ነው። እሱ ግን የሰማም አልመሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ባሰበት፤ ነፋስም ተጨመረበት። ጫማዬ ውኃ ገብቶበት ተረከዜ ተልጦ ነበር። አንድ የጫማ መሸጫ ደጃፍ ላይ ካለው መጠለያ ሥር ቆምኩና ከዚህ አልንቀሳቀስም አልኩት። “ማሪየን ብትሆን እንዲህ አታማርርም ነበር” አለኝ። ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የተባባልነውን ቃል በቃል እናገራለሁ።

“ማሪየን ሞታለች! ያለሁት እኔ ነኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ ብለኸኛል?”

“አላልኩሽም” አለ። ቀጥሎም “እኔ እኮ እንዴት እንደሚኖር ጠፍቶኛል ሂል” አለኝ።

አንድ ደግ ቃል መናገር እችል ነበር። እኔ ያልኩት ግን “እንግዲያው የፈለግከውን አድርግ” ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይህንን ብዬ ወደ ጫማዎቹ ዞርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መለስ ብዬ ሳይ ወንድሜ መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እኔና እሱ በአሥር እርምጃ ያህል እንራራቃለን፤ የሚከልለን ነገር አልነበረም። ቦታው ለእግረኛ የተሰመረ መሻገሪያ የለውም። ዝናቡ የሚመጣው ከግራ ስለነበር ጥላውን በግራ እጁ ወደ ግራ አዘንብሎ ይዞታል። ቆመ። ራሱን አዞረ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ወረደ። ነጭ የልብስ ማጠቢያ ቤት መኪና ከግራው በኩል መጥታ መታችው። መኪናዋ ስትከንፍ አልነበረም። ፍሬን ስትይዝ ሰምቻለሁ፤ መንገዱ እርጥብ ስለሆነ ተንሸራተተች።

ከማዶ ፋርማሲና ካፌ አለ። ወንድሜ ወዴት እየሄደ እንደነበር አልነገረኝም። ለተረከዜ ፕላስተር ሊገዛ ይሆናል ብዬ ማመን እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አላውቅም።

ሾፌሯ ሉዲቪን ዋኬ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከመኪናዋ ዘልላ ወርዳ፣ የታጠፉ ንጹሕ የጠረጴዛ ልብሶች አውጥታ ራሱ ሥር አደረገችለት፤ የማሪየንን ጥላም አንሥታ ፊቱን ከዝናቡ ከለለችለት። እኔ ስደርስ ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ “ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይቅርታ” ይላት ነበር። መርማሪው ይህ ጥፋቱን ማመኑ እንደሆነ ጠይቀውኛል። አይደለም። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። የእኛ አገር ሰው ከበር ጋር ቢጋጭ በሩን ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚህ ቃል ምንም አይገኝም። ሆስፒታል ከደረስን በኋላ፣ ሳይመሽ ዐረፈ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ልጅቷ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የተናገረችውን አንዲት ነርስ ተረጎመችልኝ። “እማማ፣ ሳልመታው ማለፍ አልቻልኩም። ዳር ቆሞ አየሁት። ስደርስበት በጥላው ተጋረደና ፊቱን ከኔ አዞረ። አዙሮ ገባ። ምን አድርጌው ነው ፊቱን ያዞረብኝ?” እኔም ራሱን ሲያዞር አይቻለሁ።

ማታ ሊድስ ለምትኖረው ለልጁ ለጂሊያን ደወልኩ። ሌላ ልጅ የለውም። መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ “አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ ራሱ ነው ያደረገው?” አለችኝ። “አላውቅም” አልኳት። ቀጥላም “እማዬ ሄደች፤ እኔ ደግሞ አልበቃሁትም ማለት ነው” አለች። እናቷንና አባቷን በአራት ወር ውስጥ ያጣች ልጅ እንዲህ ስትል ሰምቼ “አይደለም” ለማለት አልቻልኩም። እዚህ ጣቢያ ስገባም አልቻልኩም ነበር።

ዛሬ መርማሪው ወንድሜ እንዴት እንደቆመ በተግባር እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ከወንበሬ ተነሣሁ። ግራ እጄን እንደ ጥላ አዘንብዬ ያዝኩ። ራሴን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ አንገቴንም አሰገግኩ። መርማሪው “ለምን ወደዚያ? በዚያ በኩል እኮ እሱ በቆመበት ዳር የሚመጣ መኪና የለም” አሉኝ። እኔም “መኪና መምጣት አለመምጣቱን ሊያይ ነዋ!” አልኳቸው። ያልኩትን ነገር የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ውኃም ተሰጠኝ።

በእኛ አገር መኪና ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው። መንገድ ዳር በቆመ ሰው ላይ ቀድሞ የሚደርሰው መኪና ከቀኝ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ግን ከግራ ነው። እናታችን ትምህርት ቤት ደጃፍ የማቆሚያ ምልክት ይዛ ሕፃናት የምታሻግር ሴት ነበረች። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ አስተምራለች፤ እኔንና ዴዝመንድን ደግሞ ቀኝ ጆሯችንን እየቆነጠጠች። ለንደን ውስጥ ለውጭ አገር ሰው ተብሎ አስፋልቱ ላይ “ወደ ቀኝ ተመልከት” ተብሎ ይጻፋል። እኛ ስናነበው ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ ብለን እንስቃለን። ሊል ላይ ለእኛ የጻፈልን የለም። ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ጀርባ እያየን ስለተሻገርን ልዩነቱ ትዝ አላለንም። ወንድሜ ብቻውን መንገድ ዳር የቆመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ግራውን ጥላው ጋርዶታል። ጆሮው ያለ መስሚያው በደንብ አይሰማም። ቀኙን ግን በደንብ፣ እናቴ እንዳስተማረችው አይቷል፤ ባዶ ነበር።

መርማሪው ስለ ሐዘኑ ብዙ ጠይቀውኛል። አዝኖ ነበር። እንዴት እንደሚኖር ጠፍቶኛል ብሎኛል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሊሞት የወጣ ሰው መኪና መምጣቱን ለማየት አንገቱን አያሰግግም። ወንድሜ ማዶ መድረስ ፈልጎ ነበር።

ሉዲቪን ዋኬ እውነቷን ነው የተናገረችው፤ ያየችውን አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ፊቱን ያዞረው ግን ከእሷ ለመሸሽ አይደለም። የእሷን ዓይነት መኪና ሲፈልግ ነው፤ የፈለገው በተሳሳተ በኩል ነው። ይህ ቃሌ በአገሯ ቋንቋ እንዲነበብላት እለምናለሁ። ለጂሊያን እኔው ራሴ ከዚህ እንደወጣሁ እደውልላታለሁ።

የማውቀው እዚህ ያበቃል። የተናገርኩት በራሴ ቋንቋ ተመልሶ ተነቦልኝ፣ አንድም የተጣመመ ነገር ሳላገኝበት፣ ለወንድሜም ለልጅቷም እውነት መሆኑን አምኜ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሂላሪ ፔንፎልድ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ አኔሊዝ ቦተን
የመርማሪ ፊርማ፦ ፍሎሪያን ቬርካሜን

የመርማሪው ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ ዝናቡ ስላላባራ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ልሸኛቸው አብሬያቸው ወጣሁ። ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው መንገድ ዳር ቆሙ። ስልካቸውን አውጥተው ለመደወል እያዘጋጁ ነበር። ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ በጥንቃቄ ከተመለከቱ በኋላ እግራቸውን ወደ አስፋልቱ አወረዱ። ከግራ አውቶቡስ እየመጣ ስለነበር ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው። “ይቅርታ” አሉኝ። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ያለው ሆኖ ስላገኘሁት ከመዝገቡ ጋር አያይዤዋለሁ።

ፍ. ቬርካሜን