ፍላሼ ውስጥ ያሉት እናት

ዊንዶውስ ስጭን «ቋንቋ ምረጥ፣ ስም ጻፍ» እያለ ቢጨቀጭቀኝ፣ ካራ ሰፈር ላለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ሁሉን ራሱ የሚጨርስ ፍላሽ አዘጋጀሁ። የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርኩበት፤ በምጭንበት ኮምፒውተር ሁሉ ስክሪን ላይ እንዲወጣም እንጦጦ ያነሳሁትን ፎቶ አስገባሁ፤ በጉም መሃል አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ።

አንድ ቀን አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ላፕቶፗን ልትወስድ መጥታ ስትከፍተው ደርቃ ቀረች።

«እማዬ ናት» አለች። «ካረፈች ሁለት ዓመቷ።»

ደነገጥኩ። «ፎቶውን ላጥፋልሽ?»

«ተዋት። እንጨቱን ብቻ አውርድላት።»

ቁጭ ብዬ እንጨቱን ከፎቶው ላይ ቀስ እያልኩ አጠፋሁት፤ ቦታውን ጉም ሞላው። ጀርባቸው ግን እንደጎበጠ ቀረ። አፈርኩ።

ልጅቷ ስክሪኑን በጣቷ ዳበሰች።

«ልክ ነው» አለች፤ «ቤት ገብታ ካወረደችም በኋላ እንዲህ ነበረች።»