ሳይስቁ መስማት

ሰው ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ፣ በባዕድ አገር ለተወለዱ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ በማስተማር የማይታሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው የፊደል ገበታቸውን ሊያባዙ ተሰለፉ። ከኋላቸው የቆመች ወጣት የካውያ፣ የድስትና የስልክ ሥዕል ይዛለች። የጎረቤት ክፍል አዲሷ መምህርት መሆኗን ሲያውቁ ፊታቸው ተለወጠ፤ የልጅ ልጃቸው ከእሳቸው ክፍል ወጥታ የገባችው እሷ ዘንድ ነበርና።

«ልጄ፣ በሥዕል ማጫወት ማስተማር ሆነ?» አሉ።

«የኔታ፣ እነዚህ ልጆች እኮ እንደ ባዳ ከባዶ አይጀምሩም። እናት ስትቆጣ፣ አባት በስልክ ሲያወራ እየሰሙ ነው ያደጉት። ጆሯቸው የያዘውን መጀመሪያ ወደ አፋቸው ላምጣው ብዬ ነው። ፊደሉ ይከተላል።»

«የእኔ ተማሪዎች ገጹን ሙሉ አንብበው ይወጡታል።»

«ይወጡታል። ያነበቡትን ግን ያጫውቱዎታል?»

የኔታ ትዕቢት የሌለባቸው ሰው ናቸውና የልባቸውን ተናገሩ። «የገዛ የልጅ ልጄ እንኳ የምላትን ሁሉ ትሰማለች፤ የምትመልስልኝ ግን በሰው ቋንቋ ነው። ሳልጫወታት እንዳልሞት እፈራለሁ።»

«በአማርኛ ስትመልስልዎ ምን ያደርጋሉ?»

«አርማታለሁ።» አሉ የኔታ። «እስቃለሁም። አነጋገሯ አንጀቴን እየበላው ነው እንጂ በክፋት አይደለም።»

«እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ቅዳሜ የራስዎን ትምህርት ሲጨርሱ ክፍሌ ይምጡልኝ። ብቻ እስክትጨርስ አያርሟት፣ አይሳቁባት።»

«ይሄ ምን ይከብዳል!» አሉ የኔታ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርም ለኖረ ሰው ግን ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም።

ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው የካውያውን ሥዕል አነሣች። አያቷን ከጥግ ስታይ ደንገጥ ብላ ነበር፤ መምህርቷ አይዞሽ ስትላት ጀመረች።

«አያቴ ሸሚዝ ሲተኩስ ውሃ… አፉ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ሸሚዙን ፉፍ። እናቴ ትቆጣለች። አያቴ አይሰማም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የተሳቀው በአያትየው ሥራ እንጂ በልጅቷ አነጋገር አልነበረም፤ እሷም አብራ ሳቀች። የኔታ ለማረም አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። መምህርቷ የተባለውን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ የጎደለውን ቃልም ቀስ ብላ ሰጠቻት። የዕለቱ ንባብም ይኸው ሆነ። ልጅቷ የራሷን ወሬ ስታነብ አልተደናቀፈችም።

ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። «ውሃውን ፉፍ ማድረግ ማን አሳየህ?»

«እናቴ» አሉ የኔታ።

«እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እንባቸው ቀደማቸው፤ እንባቸውን ሳይደብቁ ስለ እናታቸው ነገሯት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኔታ መምህርቷን ደጃፍ ላይ አገኟት።

«ልጄ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። እኔም አሁን መጀመሪያ አስወራቸዋለሁ፣ ያወሩትን እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን ያነባሉ። ወላጆችንም እንዳይስቁባቸው መክሬአለሁ። ከክፍሌ ቀርተው የነበሩት ልጆች ተመልሰዋል። አገር ቤት ካለ አያታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ አስተርጓሚ የሚሹትም ቀንሰዋል። አንድ ነገር ግን አበላሸሽብኝ።»

«ምን አበላሸሁ የኔታ?»

«ሬዲዮ መስማት ቀረብኝ። ያቺ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ከመጣች በአማርኛ ስታወራ ሬዲዮውን አታሰማኝም» አሉ፤ ደስታቸው ከፊታቸው ላይ እየፈሰሰ።