ኤሊያችንን ያቀበጠች እጅ

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ቤቱ ተዝረክርኳል፣ አይዩብኝ። እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡ... አይ አይ፣ በሩን አይዝጉት፣ ይናፈስ። ጓዳ ያለው ሰው እንደሆነ ብርድ አይፈራም። ዕቃ ሲያጥብ ነበር፣ እርስዎ ሲገቡ ግን ፀጥ አለ። ውሃው ሄዶበት ይሆናል...

የልጅቷን ቀሚስ አመጡልኝ? እሰይ! ውይ፣ ወገቡን ይሄን ሁሉ አጠበቡት? ለካ ይሄን ያህል ከስታለች። እኔ ሁልጊዜ ስለማያት አይታወቀኝም፤ የእርስዎ መርፌ ነው የነገረኝ።

ይተዉት፣ ዛሬ ስለ ልጅ አላወራም። ስለ እሜቴ ላጫውትዎ። ያቻት ኤሊያችን፣ ጥጉ ላይ በሳጥኗ ውስጥ። ባለቤቴ ነው ለልጅቷ ብሎ ያመጣት። ስትኮራ ራሷንም እግሯንም ከታ፣ ቅርፊቷን ከሥር እንደ ክዳን ግጥም! በቃ፣ ድንጋይ ናት። እንጆሪ ሲሸታት ግን... ክዳኑ ቀስ፣ አንገቷ ብቅ።

ከእንጆሪ ሌላ አልበላም አለች። ጎመን ሳቀርብላት ረግጣው ታልፋለች። ዱባ ስሰጣት ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ትል የምፈራው እኔ ከአበባው ሥር በማንኪያ ቆፍሬ ትል አመጣሁላት። ትሉ አፍንጫዋ ላይ ሄደ እንጂ አልነካችውም። ኋላ ዓይኗ ማበጥ ጀመረ። በድንጋጤ አቅፌያት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጥኩ።

"ጣፋጭ ብቻ ስለበላች ነው" አለኝ። "ትሉንም፣ ጎመኑንም፣ ዱባውንም አድቅቀሽ ክተፊና ከትንሽ እንጆሪ ጋር ለውሺው፣ መርጣ እንዳትበላ። መጀመሪያ ውሃ እርጪባት፣ ዝናብ የመጣ ይመስላትና ትነቃቃለች። እምቢ ብትል አትደንግጪ፣ ሲርባት ትበላለች።" አትደንግጪ አለኝ... እኔን! ልጄ ስታስነጥስ በባዶ እግሬ የምሮጠውን!

እንዳለኝ አደረግሁ። ከተፍኩ፣ ለወስኩ፣ ውሃ ረጨሁ። ከሥራ ስመለስ እንጆሪው የለም፤ ሌላው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ከጎመኑ መሃል፣ ከትሉ ሥር፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ! "የእኛ እሜቴ ጣት አበቀለች እንዴ?" አልኩ። ባለቤቴም ሳቀ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ስገባ ወረንጦ አገኘሁ። የቅንድብ ወረንጦ። ጫፉ ቀይ... አሸተትኩት። እትዬ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ቅንድብ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም። ቅንድቡ ግን ያምራል፣ እውነት ለመናገር። ክር የመሰለ። ትዕግስት ይፈልጋል እኮ! ያ ሁሉ ትዕግስት ትል ላይ ጎንበስ ብሎ እንጆሪ ሲለቅም ያስቡት... ለኤሊ! እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል? እኔ እናት ተብዬው የገዛ ቅንድቤን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ደግሞስ ምኗ ይታማል? ባለቤቴን ራሱን ወልዳ፣ አዝላ፣ ያማረውን እያጎረሰች ያሳደገች እጅ ናት። አሳድጋውስ የለ? ይኸው ትልቅ ሰው ሆነ... የሾርባውን ካሮት በማንኪያ እየገፋ ሳህኑ ዳር የሚደረድር ትልቅ ሰው። ሲስቅ ለምን አፉን በእጁ እንደሚሸፍን ጠይቀውት ያውቃሉ? አይጠይቁት። ያ ሁሉ ፍቅር ጥርሱ ላይ ነው የወጣው።

ልጄም የዚያው ቤት ልጅ ናት። ምሳዋን ሠርቼ ወደ ሥራዬ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ እሄዳለሁ። ስመለስ ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል። "ጥርግ አድርጋ በላች" እባላለሁ። ደስ ይለኛል። ከዚያ አንሶላዋን ሳራግፍ... የብስኩት ፍርፋሪ። እሱስ ከየት መጣ? አይጥ ይሆናላ! ማታ እኔ ሳበላት አፏን ትዘጋለች፣ ልክ እንደ እሜቴ። "ለእኔ ብቻ ነው የምትበላው፣ ለእናቷ እምቢ ትላለች" የሚል ወሬ እርስዎም ቤት ደርሷል አይደል? ደርሷል... እግሩ ፈጣን ነው።

ትናንት ያቺ ደግ ሰው ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች፣ ወረንጦዋም አብሯት። እኔ ዕረፍት ነበርኩ። የእሜቴን ምግብ ለውሼ አስቀመጥኩላት። ግራ ቀኝ አየች... ረዳት የለም። ክዳኗን ዘጋች። ከፈተች። ዞረች፣ ተመለሰች። ከዚያ ጎመኑን ከነትሉ ጎረሰችው! ልጄ በደረቷ ተኝታ ታያታለች። "እማ፣ እሜቴ በላች" አለችኝ። ከዚያ የራሷን ሳህን አየች። ዱባ ነበር። በጣቷ ነካ አደረገችው... አፏ ውስጥ ከተተችው። እትዬ፣ እንዳላስደነግጣት ትንፋሼን ውጬ ነው የቆምኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

እና... አንድ ነገር ልለምንዎት። ከነገ ጀምሮ ሥራ ስሄድ ልጄን እርስዎ ጋ ላውላት? ከስፌት መኪናው ራቅ አድርገው ያስቀምጧት። ምሳዋን ይዤ እመጣለሁ። እምቢ ካለች ይተዉአት፣ ሲርባት ትበላለች። ብቻ ሌላ ነገር አይስጡብኝ። ቤት ሰው ጠፍቶ እንዳይመስልዎት! ቤት ያለው ሰው ደክሞታል። አንዲት ሴት ስንቱን ለቅማ ትዘልቀዋለች? ትረፍ እንጂ። ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ፣ "እሺ" አለኝ። በዚህ ቤት ሳያላምጥ የዋጠው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ምን ወደቀ ጓዳ?... ግድ የለም፣ ብርጭቆ ነው፣ ይተካል።

እሺ አሉኝ? ውይ፣ ኑሩልኝ! እኔ እንደሆነ በማንም አልቀየምም። ያቺንም ደግ ሰው ጠዋት ማታ ነው የምመርቃት። ዕድሜዋን ያርዝምላት። ስታረጅ፣ እጇ ማንኪያ ማንሳት ሲያቅተው፣ ልክ እንደ እሷ አንጀቱ የሚራራ ሰው አልጋዋ አጠገብ ያስቀምጥላት... ያማራትን ብቻ የሚያጎርሳት፣ የሚመራትን መድኃኒት ደግሞ ከአፏ ለቅሞ የሚያወጣላት። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ!