ቀሚሷን አላወልቅም

ቆቦ ላይ፣ በረሃቡ የተጎዱ ሕፃናት በተጠለሉበት ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ድሬሰሯ ዘኪያ ሸረፈዲን ሕፃን እንዳቀፈች መዝገቡን በክርኗ ገፋ አድርጋ አነሳችው።

— ሄሎ! ... አዎ፣ ቆቦ ነው። ... ወልድያ? የእርዳታ ኮሚቴው? ያገናኙኝ። ... ሄሎ? አቶ እሸቴ! እንደምን ዋሉ? ... አልሃምዱሊላህ፣ አለን። ... አርባ ስድስት። ... ትናንት አርባ ሰባት ነበሩ። አንዱ ... አዎ፣ ከሮቢት የመጣው። ጧት ቀበርነው።

— ነገ? ... አራት ሰዓት ላይ። ፎቶ አንሺዎች፣ ከአዲስ አበባ። እሰየው፣ ይምጡልን! ... ምን አሉኝ? ይድገሙልኝ እስቲ፣ መስመሩ ይንጫጫል። ... ልብሳቸውን አውልቄ? ... በር ላይ አሰልፌ። ... አጥንታቸው እንዲታይ።

ያቀፈችውን ሕፃን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

— አይሆንም። ... አይሆንም አልኩ፣ አቶ እሸቴ። ... ሰምቻለሁ፣ የኮሚቴው ትእዛዝ ነው። እኔ ግን አላወልቅም። ... ብርዱን ፈርቼ አይደለም! ቆቦ ምን ብርድ አለ?

— ቆይ ልንገርዎ። መይሙና የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለች። ከዋጃ አክስቷ አዝላ ነው ያመጣቻት፤ እናቷ መንገድ ላይ ቀርታለች። ስትመጣ እንጨት ነበረች። መርፌ ስወጋት እንኳ አታለቅስም። እጇን አንስቼ ብለቀው ዝም ብሎ ይወድቃል፤ የራሷ መሆኑን የረሳች ነበር የሚመስለኝ። ... ወተትማ እንሰጣታለን። ማንኪያ ሲቀርብ አፏን አትከፍትም። አፍንጫዋን ይዘው ሊግቷት ሲሉ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ... ለምን? ልጅ እኮ አቁማዳ አይደለም!

— በየጧቱ በኑግ ዘይት አሻት ጀመር። «ይቺ እግርሽ ናት። ይቺ ጣትሽ ናት። አሁን ጀርባሽን ልንካ?» እያልኩ። ... ይሳቁ፣ እዚህም ሲስቁብኝ ነበር። ... በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ጆሮሽ የታለ?» ብላት፣ እጄን ያዘችና ጆሮዋ ላይ ጫነችው። አለቀሰች። ባየው መግል ሞልቶታል! ስንት ቀን ሲጠዘጥዛት እንደኖረ አላህ ይወቀው። እሷ ባታሳየኝ በምን አውቄው? ... ታክማ ዳነች። ያን ሰሞን ነው ማንኪያውን ራሷ የያዘችው።

ዘኪያ ድንገት ሕፃን ወደምታነሳው ረዳቷ ዞረች።

— ብዙነሽ፣ ቀስ! እየነገርሽው አንሺው፣ አትንጠቂው! ... ይቅርታ፣ እርስዎን አይደለም።

— ከትናንት ወዲያ አንድ እንግዳ መጥቶ ሆዷን ለማየት ቀሚሷን ገለጠው። ከዱቄት ከረጢት የሰፋንላትን። ወደ ታች ጎትታ «የኔ ነው!» አለችው። ... ቀሚሱን ይሁን ሆዷን እንጃ። ሁለቱም የሷ ነው። ረሃቡ ሁሉን የወሰደባት ልጅ ይቺን አገኘች። ነገ እኔው በገዛ እጄ ልንጠቃት?

— ... አውቃለሁ። ፎቶው እህል ያመጣል። ... አውቃለሁ አልኩዎ! የምቀብራቸው እኔ ነኝ እኮ፣ አይጠፋኝም። ፊታቸውን ያንሱ። ይሄን ባዶ መጋዘን ያንሱ። የልጅ ፊት አይቶ ያልላከ፣ አጥንት አይቶ ይልካል? ... ምናልባት ይልክ ይሆናል፣ እሺ። ቢልክም አላወልቅም።

— ... በኔ ቦታ ሌላ ሰው? ይላኩ። ስሜንም ይጻፉ፤ ዘኪያ ሸረፈዲን እምቢ አለች ብለው። ... ማን? እናቶቹ አይቃወሙም? ማን ጠይቋቸው ነው? ቆይ።

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። በየልጆቻቸው አጠገብ የተቀመጡት እናቶች ወደ እሷ ዞረዋል፤ ለካ ሲሰሙ ነበር።

— ነገ ልጆቻችሁን አራቁታችሁ አሰልፉ እየተባልን ነው። ምን ልበላቸው?

ኡሙሃኒ ተነሳች። ከጎብዬ በእግሯ የመጣች ናት፤ ሁለት ልጅ ቀብራ አንድ ቀርቷታል። እጇን ዘረጋች። ስልክ ይዛ ስለማታውቅ ዘኪያ ገልብጣ አስያዘቻት።

— ሄሎ? ... የከማሉዲን እናት ነኝ። ጌታዬ፣ እህል እንፈልጋለን። አጥብቀን እንፈልጋለን። ልጄን ግን አትግለጡብኝ። የሞቱትን እንኳ መከፈኛ ባጣ ነጠላዬን ቀድጄ ሸፍኜ ነው የቀበርኩ። ይሄ በሕይወት ያለው ነው።

የሚላትን እስኪጨርስ አዳመጠች። ከዚያ ስልኩን መለሰች።

— ምን አሉሽ?

«እሺ እናቴ አለኝ» አለች ኡሙሃኒ።

ዘኪያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ መለሰችው።

— ሄሎ፣ አቶ እሸቴ? ይሰሙኛል? ... በልብሳቸው። ... የፈቀደች እናት ብቻ። ... አላህ ይስጥዎ። ... እኔስ? ... ሰኞ ወልድያ መጥቼ ለኮሚቴው ላስረዳ? እመጣለሁ። ... ቢያባርሩኝም እመጣለሁ፣ ይሄንኑ ነው የምነግራቸው። ... እርስዎም ነገ አብረው ይመጣሉ? ... መይሙናን ለማየት? ይምጡ። ላቅፋት ካሉ ግን ቀድመው ይጠይቁ። ... አይ፣ እኔን አይደለም። እሷን። ... ደህና ይዋሉ።

ስልኩን ዘጋችው።